ቺካኖ፦ ስድብ የነበረ ስም

ስለ አሜሪካ ጭቁኖች ስናወራ አፋችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ጥቁሮቹ ትግል ነው። ደግ ነው። ግን ከቴክሳስ እስከ ካሊፎርኒያ ሌላም ሕዝብ አለ፤ ስሙን ስንቶቻችን ሰምተናል?

«መጤዎች ናቸው» ይሏቸዋል። እስቲ ታሪኩን እንይ (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው)። አሜሪካ ሜክሲኮን ወግታ በ1848 የጓዳሉፔ ኢዳልጎን ውል ስታስፈርም፣ ቀድሞ ከሄደው ቴክሳስ ጋር የሜክሲኮ ግማሽ ግዛት ተወሰደ። በቦታው የቀረው ገበሬና ከብት አርቢ አንድ ስንዝር ሳይራመድ በሌላ አገር ውስጥ ተገኘ። የተሻገረው ድንበሩ ነው እኮ! ውሉ ንብረታችሁ ይከበራል ይላል፤ ዳሩ ግን የርስት መሬታቸውን በግልጽ የሚያስጠብቀውን 10ኛውን አንቀጽ የአሜሪካ ሴኔት ሰርዞታል። በ1851 ደግሞ የካሊፎርኒያ ባለርስት መሬቱ የራሱ መሆኑን ያስረዳ ተባለ። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ፤ የረታውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለጠበቃ ሲል መሬቱን ሸጠ። ይኼም ፍርድ ተብሎ ነው።

«ቺካኖ» ለድኃው ሜክሲኳዊ የሚወረወር ስድብ ነበር። በ1960ዎቹ ወጣቶቹ አንሥተው የክብር ስም አደረጉት።

እኛን ተማሪዎቹን ይበልጥ የሚነካን የማርች 1968ቱ ነገር ነው። በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ክፍሉ ተጨናንቋል፤ በእናቱ ቋንቋ በስፓኒሽ የተናገረ ይቀጣል፤ ወንዱን ወደ ጋራዥ፣ ሴቷን ወደ ጽሕፈት ሥራ እንጂ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የለም። ሳል ካስትሮ የሚባል የዚያው ሰፈር ልጅ የሆነ መምህር ከጎናቸው ቆመ። ከ10,000 በላይ ተማሪ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። በሁለት ቋንቋ እንማር፣ የሕዝባችንን ታሪክ አስተምሩን፣ ከወገናችን መምህር ይቀጠር አሉ። ሌላው ጥያቄ ምን መሰላችሁ? በምሳ ሰዓት የሚቆለፈው መጸዳጃ ቤት ይከፈት! ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ ተቆልፎበት የማያውቅ ነው።

ፖሊስ በዱላ መለሰላቸው። ካስትሮን ጨምሮ 13 ሰዎች በአድማ ሤራ ተከሰሱ፤ እሱም ከማስተማር ታገደ። ወላጆችና ተማሪዎች የትምህርት ቦርዱን አዳራሽ ይዘው ቀንም ሌትም ተቀመጡ፤ ካስትሮ እስኪመለስ አልተነሡም። ክሱን የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1970 ውድቅ አደረገው። በኋላም በዚያው ከተማ አንድ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ።