በማን ስም፣ ከማን ፋብሪካ? የመኪና መለዋወጫ ንግድ የመቶ ዓመት ሙግት

አልበርት ሻምፒዮን በብስክሌት እሽቅድምድም ስሙን ያስጠራ ፈረንሳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ከፓሪስ እስከ ሩቤ የሚደረገውን ከባድ ውድድር አሸንፏል። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሞተር ማቀጣጠያ ዕቃ ንግድ ውስጥ ገባ፤ ቦስተን ከተማም በስሙ የሚጠራ ድርጅት ተቋቋመ። ሽርክናው ግን አልዘለቀም። ሻምፒዮን ከሸሪኮቹ ተለያይቶ ሚሺጋን ግዛት ፍሊንት ከተማ ሲገባ ስሙን ይዞ መሄድ አልቻለም፤ የስሙ ባለቤቶች ስትራናሃን የተባሉት ወንድማማቾች ሆነው ቀሩ። እነሱ ኦሃዮ ውስጥ ቶሌዶ ላይ «ሻምፒዮን» የሚል ካንዴላ እያመረቱ ገበያውን ሲይዙ፣ ሰውየው የራሱን ካንዴላ በስሙ መነሻ ፊደላት «ኤሲ» ብሎ ለመሸጥ ተገደደ። «ሻምፒዮን» የተባለውን ካንዴላ ሻምፒዮን አልሠራውም፤ ሻምፒዮን የሠራውም «ሻምፒዮን» አልተባለም።

ዛሬ መርካቶ ወርዶ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ኦርጅናል ነው?» የሚል ነው። ሻጩም የኦርጅናሉን፣ የታይዋኑንና የቻይናውን ዋጋ ለየብቻ ይነግረዋል። ነገሩ የዋጋና የጥራት ምርጫ ብቻ ይመስላል። የንግዱን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ርካሽ ዕቃ በራሱ ስም ሲሸጥ ገዢው ዐውቆ ይገዛዋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በሌላው ስም ሲሸጥ ነው። ውዱ ዕቃ ላይ የተጻፈውም ስም ሁልጊዜ የሠሪው ስም አይደለም።

የመለዋወጫ ንግድ የቆመው አንዱ ዕቃ በሌላው ቦታ መግባት ይችላል በሚል ሐሳብ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እንዲህ አልነበሩም። ባለሙያው ብዙውን ክፍል እየሞረደ ስለሚያገጥመው የአንዱ መኪና ዕቃ ለሌላው አይሆንም ነበር። በ1908 የእንግሊዝ ሮያል አውቶሞቢል ክለብ ይህን የሚፈትን ሙከራ አካሄደ። ሦስት ካዲላኮች ለንደን አቅራቢያ ባለው የብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ ሙሉ በሙሉ ተፈቱ፤ ክፍሎቻቸው ተደባለቁ፤ 89 ክፍሎችም ወጥተው በምትካቸው ከሻጩ መጋዘን አዲስ ገባ። መካኒኮቹ ያለ ሞረድ፣ በመፍቻና በካቻቢቴ ብቻ ሦስቱንም መልሰው ገጠሟቸው። መኪኖቹ ተነስተው 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጡ። ካዲላክ በዚህ ሥራው የዲዋርን ዋንጫ ተሸለመ። ይሁን እንጂ ያ ድል ለፋብሪካዎች ሁሉ የማይዘጋ በር ከፍቶባቸዋል፤ ልኩ አንዴ ከታወቀ ያንኑ ዕቃ ሌላም ሰው ሊሠራው ይችላል።

በዚያው ዓመት ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲን ገበያ ላይ አወጣ። በ850 ዶላር የጀመረው መኪና በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደ፤ በ1927 ምርቱ ሲቆም ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር። ያን ያህል መኪና መንገድ ላይ ሲወጣ የሚያልቀውና የሚሰበረው ዕቃም በዚያው ልክ በዛ። ይህን ቀድመው ካዩት አንዱ በካንሳስ ሲቲ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረው ጆርጅ ፔፐርዳይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 5 ዶላር ለቴምብር አውጥቶ ለመኪና ባለቤቶች የማስታወቂያ ደብዳቤ ላከ፤ የመኪና ዕቃም በፖስታ መሸጥ ጀመረ። ከዚያች አነስተኛ ገንዘብ የተነሳው ዌስተርን አውቶ በአሜሪካ ከተሞች ሱቆቹን የዘረጋ ድርጅት ሆነ። ፔፐርዳይንም ካፈራው ሀብት በ1937 ሎስ አንጀለስ ላይ ዛሬም ስሙን የያዘውን የትምህርት ተቋም መሠረተ።

ፎርድ በበኩሉ ደንበኞቹ ከአስመሳይ ዕቃ እንዲጠነቀቁና የፎርድን ዕቃ ብቻ እንዲገዙ ይወተውት ነበር። በዚህ ውትወታ ውስጥ እውነትም ጥቅምም አብረው ነበሩ። ለስላሳ ብረት ተጠቅሞ የፎርድን ዕቃ መልክ ብቻ የቀዳ ነበር፤ ከፎርድ የማያንስ ዕቃ ሠርቶ በራሱ ስም የሸጠም ነበር። ገዢው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ግን አልነበረውም።

ሙግቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ መነሻው ያው የሻምፒዮን ካንዴላ ሆነ። ሳንደርስ የተባለ ነጋዴ ያገለገሉ የሻምፒዮን ካንዴላዎችን እየሰበሰበ ያድስና መልሶ ይሸጥ ነበር። ማሸጊያው ላይ «የታደሰ» የሚል ቃል ነበረበት። በካንዴላው አካል ላይም ያው ቃል ታትሟል፤ ግን ፊደሉ ደቃቅ፣ ቀለሙም በጥቁር ላይ ሰማያዊ ስለሆነ የማይነበብ ያህል ነበር። «ሻምፒዮን» የሚለው የፋብሪካው ስም ግን እንዳለ ይታያል። ፋብሪካው ስሜ ይፋቅ አለ። ፍርድ ቤቱ በ1947፣ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ በጻፉት ውሳኔ፣ ይህን አልተቀበለም። ካንዴላው ቢታደስም የመጀመሪያ ሠሪው ሻምፒዮን መሆኑ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ስሙ ይቆይ፣ ነገር ግን «የተጠገነ» ወይም «ያገለገለ» የሚል ቃል በግልጽ በሚነበብ ፊደል ይታተምበት ተባለ። ከአዲሱ ያነሰ ዕቃ መሸጥ አልተከለከለም፤ ማነሱን መደበቅ ግን ተከለከለ።

ቀጣዩ ጥያቄ የመጠገን መብት የማን ነው የሚል ነበር። በ1950ዎቹ ጣሪያቸው የሚታጠፍ መኪኖች የጣሪያ ጨርቅ ሦስት ዓመት ያህል አገልግሎ ያልቅ ነበር። አሮ የተባለ ድርጅት ልኩን ጠብቆ ምትክ ጨርቅ ሲሸጥ የጣሪያው የፈጠራ መብት ባለቤት ከሰሰው። በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለቀን ክፍል መተካት ጥገና እንጂ ጣሪያውን እንደ አዲስ መሥራት አይደለም ብሎ ለአሮ ፈረደ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ኮንግረስ ማግነሰን ሞስ የተባለውን የዋስትና ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት መኪና ሠሪው ዕቃውን በነጻ እስካልሰጠ ወይም ልዩ ፈቃድ እስካላገኘ ድረስ «የእኔን ፊልትሮ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ፈረሰ» ማለት አይችልም።

ከዚያ የታይዋን ዘመን መጣ። በ1980ዎቹ በታይዋን ፋብሪካዎች የተመረቱ ፓራፋንጎዎችና ኮፋኖዎች የአሜሪካን ገበያ ሲያጥለቀልቁ፣ ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸው የተጋጨ መኪና የሚያስጠግኑት ኢንሹራንሶች ነበሩ። አንዳንዱ ቆርቆሮ የመኪናው ቀዳዳና ጠርዝ ላይ አልገጥም እያለ ባለጋራዦችን አስቸገረ። በ1987 ካፓ የተባለ ምትክ የአካል ክፍሎችን መርምሮ ማረጋገጫ የሚሰጥ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በኢንሹራንሶች ገንዘብ የሚተዳደረው የመንገድ ደኅንነት ኢንስቲትዩት አንድ ፎርድ ኤስኮርት አዘጋጅቶ ፓራፋንጎውን፣ የበሩን ቆርቆሮና የፊት ፍርግርጉን ነቀለ፤ ኮፋኖውንም በሌላ አምራች ኮፋኖ ተካው። መኪናው እንዲህ ራቁቱን በሰዓት 30 ማይል ከግንብ ጋር ተጋጨ፤ የአገሪቱንም የግጭት መስፈርት አሟላ። ሙከራውን ያደረገው ወገን በርካሽ ዕቃ የሚጠቀም መሆኑ መረሳት የለበትም፤ ግኝቱ ግን ጠቃሚ ነው። የመኪናው ተሳፋሪ ደኅንነት ያለው በዋናው አጽም ላይ ነው፤ የውጭው ቆርቆሮ በአብዛኛው ለመልክ ነው።

ባለንብረቶች ግን በዚህ አልተጽናኑም። ስቴት ፋርም የተባለው ግዙፍ ኢንሹራንስ «ከውላችን ውጭ ርካሽ ዕቃ አስገጠመብን» በሚል በኢሊኖይ ግዛት ተከሰሰ፤ በ1999 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። በ2005 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ገንዘቡ ባይከፈልም የክርክሩ ዘመን አንድ ልማድ አጽንቷል፦ በበርካታ ግዛቶች ሕግ መሠረት የጥገና ግምት ሲጻፍ የሚገባው ዕቃ የመኪና ሠሪው ካልሆነ ይህ በጽሑፍ ለባለመኪናው መገለጽ አለበት።

«ኦርጅናል» የሚለው ስም ራሱ ሲመረመር ደግሞ ሌላ ገጽ ይታያል። መኪና ሠሪዎች አብዛኛውን ክፍል ከሌሎች ፋብሪካዎች ይገዛሉ። ዴንሶ በ1949 ከቶዮታ ወጥቶ ራሱን ችሎ የቆመ ድርጅት ነው፤ ለቶዮታ መኪኖች ካንዴላ፣ ሞተሪኖና ራዲያተር ያቀርባል። ዴንሶ የሠራው ካንዴላ በቶዮታ ካርቶን ሲገባ «ኦርጅናል» ይባላል፤ በዴንሶ ካርቶን ሲገባ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። የጀርመኑ ቦሽም ከመርሴዲስና ከቮልስዋገን ጋር ያለው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ዐዋቂ መካኒክ በመኪና ሠሪው ዕቃና በርካሹ ኮፒ መካከል ሦስተኛ ምርጫ አለው፤ ያው አምራች በራሱ ስም የሚሸጠውን ይፈልጋል።

የኢትዮጵያ ገበያ ደግሞ አራተኛ ምርጫ ጨምሯል፤ ያገለገለ ኦርጅናል። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና ሲያመጣ አገሪቱ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ መንገዶችና የፊያት ከባድ መኪኖች መጡ፤ የዛሬው የመርካቶ ገበያም የተከለለው በዚያው ዘመን ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የአዲስ አበባ ፊያት ሰይቼንቶዎች፣ ጣሊያን መኪናውን በ1969 እ.ኤ.አ. መሥራት ካቆመ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆነው አገልግለዋል። በደርግ ዘመን ላዳዎች ተጨመሩ። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ሹፌሩ ሁለት ቦታ ይሄዳል፤ አንዱ ያለቀውን እንደ አዲስ የሚቀርጽለት ቶርኖ ቤት፣ ሌላው የተፈታ ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ።

ሶማሌ ተራ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከቶሌዶውም ከኢሊኖዩም የተለየ ነው። እዚያ ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ኮፒ ጋር ይወዳደራል፤ ብዙ መካኒኮችም ያገለገለውን ጃፓን ይመርጣሉ። ገዢው ዕቃውን በእጁ መዝኖ ክብደቱን ይገምታል፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ ያነባል፤ ኩሽኔታ ከሆነ በጣቱ አሽከርክሮ ድምፁን ያዳምጣል። በአዲሱ ዕቃ ላይ ደግሞ የካርቶኑን ኅትመትና የማሸጊያውን ስፌት ይፈትሻል። ይህ ከአባት ለልጅ፣ ከዋና መካኒክ ለረዳት የተላለፈ ዕውቀት ነው። ይሁንና ተራው ከሌላ ሰው መኪና ላይ ተነቅሎ የመጣ መስተዋትና ፍሬቻ ስለሚሸጥበትም ሲታማ ኖሯል፤ መኪናው የተዘረፈበት ሰው የራሱን ዕቃ ፍለጋ መጀመሪያ ወደዚያ መሄዱም የታወቀ ነው። ምንጩ ያልተገለጸ ዕቃ ኦርጅናል ቢሆንም ንጹሕ አይደለም።

በእጅና በጆሮ የማይለይም ዕቃ አለ፤ የፍሬን ሸራ። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው በስተቀር የመኪናውን ጉልበት ሁሉ ሸራው ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ደህና ሸራ ያን ሙቀት ችሎ መያዙን ይቀጥላል፤ ደካማው ሲግል ይንሸራተታል፤ ሹፌሩ ፔዳሉን እየረገጠ መኪናው አልቆም ይለዋል። ሁለቱ ሸራዎች ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ለፓራፋንጎ ርካሹን መምረጥ የኪስ ጉዳይ ነው፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሸራ መግዛት ግን የተሳፋሪውንና የእግረኛውንም ሕይወት ይነካል። ስለዚህ በፍሬን፣ በመሪና በጎማ ላይ የውሸት ስም መለጠፍ ከተራ ማጭበርበር በላይ የሆነ በደል ነው።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሌላውን ስም መውሰድን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ሲጥል አዲስ የሚገባው ያገለገለ መኪና ቀነሰ፤ ቀድሞ የገቡት ደግሞ እየተጠገኑ ይኖራሉ፤ መለዋወጫውም ይበልጥ ይፈለጋል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች በቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞሉ ነው። ለነዚህ መኪኖች ኦርጅናሉ ራሱ ቻይና ነው፤ ሻጩ ለዓመታት የርካሹ ዕቃ መጠሪያ ያደረገው የአገር ስም ከእንግዲህ ለገዢው ምንም አይነግረውም። አሁን የሚያስፈልገው ደረሰኙ ላይ «የፍሬን ሸራ አንድ» ተብሎ ብቻ እንዳይቀር ነው። የአምራቹ ስም፣ የዕቃው ቁጥር፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ ለነጋዴው አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ገዢውም ደረሰኙን ከመቀበሉ በፊት አጻጻፉን አይቶ ሊጠይቅ ይገባል።