መብራቱ አደገ፣ ሽቦው ቀረ

ባለፈው ክረምት በአንድ ወዳጄ አሮጌ መኪና ማታ ከደብረ ብርሃን ስንመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ጭሱ የሚወጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከመብራት ማብሪያው ነበር። ከሳምንት በፊት "በደንብ የሚያበራ" አምፖል አስገጥሞ ነበር። የተቀየረው ግን አምፖሉ ብቻ ነው። ችግሩ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረን የመብራቱ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የፊት መብራት ኤሌክትሪክ አልነበረም። ካርባይድ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚወጣው አሲቲሊን ጋዝ ነበር የሚነደው። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የኤሌክትሪክ ማስነሻንና መብራትን አዋህዶ ሲያቀርብ አምፖሉ ብቻውን አልመጣም፤ ዲናሞው፣ ባትሪውና ሽቦው አብረውት መጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ መኪኖች ለዓመታት በ6 ቮልት ሠሩ። በ6 ቮልት 60 ዋት ለማግኘት 10 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት 5 ይበቃል። የሞተሩም የመብራቱም ፍላጎት ሲያድግ የአሜሪካ አምራቾች በ1950ዎቹ ወደ 12 ቮልት ተሻገሩ። እኛም በደንብ የምናውቃት ቮልስ ለአሜሪካ ገበያ በ1967 ሞዴል ተከተለች። በ1962 ሃሎጂን አውሮፓ ውስጥ መኪና ላይ ወጣ፤ በ1971 ደግሞ ረጅሙንና አጭሩን መብራት በአንድ አምፖል የያዘው ኤች 4 መጣ።

እኛስ? 60 ዋቱን አውጥተን 100 እናስገባለን። የሁለቱ አምፖሎች ኮረንቲ ከ10 ወደ 17 አምፔር ገደማ ይወጣል። ሽቦውና ማብሪያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ፊውዙ ሲቃጠልብን ደግሞ ትልቅ እንተካለን። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን መሆኑን እንረሳለን።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሪሌ ይገጠም፤ ያኔ የዳሽቦርዱ ማብሪያ ለሪሌው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ከባዱ ኮረንቲ በወፍራም ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ ይሄዳል። ለሽቦው ልክ የሆነ ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይግባ፤ የቦዲ መስመሩም ይጽዳ። ብዙ ጊዜ ትልቅ አምፖል እንኳ አያስፈልግም። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና፣ ደከመ የምንለው አምፖል ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

"ኤልኢዲ ብዙ ኮረንቲ አይበላም" የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ግን ለሃሎጂን በተሠራ መስታወት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። እሳቱ የራሳችን መኪና ላይ ይነሳል፤ መታወሩ ግን የሚደርሰው ሌላ ሰው ላይ ነው።

መቶ ዓመት የፈጀውን ታሪክ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ስንገዛው የሚደርሰን መጨረሻው ብቻ ነው። አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያኑን አንድ ነገር ጠይቁት፦ "ሽቦው ይችለዋል?"