መርዝም፣ ትዳርም፣ ስጦታም የሆነች ቃል

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የአንዲት ቃል ታሪክ ላውጋችሁ። ቃሏ «ጊፍት» ናት። ለንደን ላይ በዚህ ስም ዕቃ ጠቅልለው ቢያቀርቡለት ሰው ፊቱ ይፈካል፣ አመስግኖ ይቀበላል። በርሊን ላይ ይህችው ቃል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድልባት፣ የራስ ቅል በተሳለበት ጠርሙስ ላይ ትጻፋለች፤ እዚያ መርዝ ናት። ስቶክሆልም ከደረሳችሁ ደግሞ «ባለትዳር» ማለት ሆና ታገኟታላችሁ። ያም አልበቃ ብሎ ስዊድኖች መርዙንም የሚጠሩት በእሷው ነው። ታዲያ እንዴት ሦስቱ ከአንድ ቤት ወጡ?

እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደችኛ፣ ስዊድንኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ኖርዌይኛና አይስላንድኛ የአንድ ቤተሰብ ልሳኖች ናቸው። ሊቃውንቱ «ጀርመናዊ» ይሏቸዋል። የጋራ እናታቸው መጽሐፍ ትታልን አልሄደችም፤ መልኳ የሚታወቀው ልጆቿን እያስተያዩ ነው። በእሷ አፍ መስጠት «ጌባን»፣ ከዚያ የወጣችው ስም ደግሞ «ጊፍቲዝ» ነበረች ይላሉ። መስጠት፣ የተሰጠ ነገር፤ በቃ። ክፋት የሚባል አልነካካትም።

አሁን ወደ አራተኛው መቶ ዓመት ልውሰዳችሁ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአክሱም በሚያስተምሩበት ዘመን፣ ከዳኑብ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ጎቶች የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ጳጳሳቸው ዉልፊላ ፊደል ቀረጸላቸው፣ መጽሐፍ ቅዱስንም ተረጎመላቸው። ከዚያ ትርጉም በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ወንጌል ዛሬም ስዊድን ውስጥ፣ ኡፕሳላ ይገኛል። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ላይ ስለ ዮሴፍና ስለ እመቤታችን መታጨት የሚናገረውን ቦታ ብትመለከቱ፣ ለእጮኝነት የገባው የጎት ቃል የጊፍት የቅርብ ዘመድ ነው። ምን አገናኛቸው አትሉም? አባት ልጁን ይሰጣላ! እኛስ ሽማግሌ ልከን «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን» አይደል የምንለው?

እንግሊዞችም ዘንድ መጀመሪያ እንዲያው ነበረች። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወጣው የዌሴክስ ንጉሥ የኢኔ ሕግ ውስጥ የምትገኘው ሙሽራ ስለመስጠት በሚናገረው አንቀጽ ነው፤ በብዙ ቁጥር ስትነገርም ሠርግ ማለት ነበረች። አጠራሯ ግን «ዪፍት» ነበር። ከስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ቫይኪንጎች በመርከብ መጡ፤ ዘረፉ፣ ወጉ፣ ኋላም ሰፈሩ፣ ተጋቡ። አፋቸው ላይ ቃሏ በጠንካራ «ጊ» ትጠራ ነበር፣ ትርጉሟም ለማንኛውም ስጦታ ይሆን ነበር። እንግሊዞች ያንን ወሰዱ፤ መስጠት የሚለውን ግሥ እንኳ አጠራሩን ከእነሱ ተቀበሉ። የሚገርመኝ፣ ከስካንዲኔቪያ የመጣውን ያን «ጊ» እንግሊዝ እስከ ዛሬ ጠብቃ ስታኖር፣ ስዊድኖችና ኖርዌዮች ራሳቸው ኋላ አላልተው «ዪፍት» ማለታቸው ነው።

ሰሜኖቹ የሠርጉን ነገር አልለቀቁም። በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ ያገባ ሰው በዚህችው ቃል ይጠራል። አይስላንድ ላይ ከማግባት አልፋ መልካም ዕድልም ሆናለች፤ ከላይ የተሰጠ እንደ ማለት።

መርዙስ? እሱ የመጣው ከሐኪሞች በኩል ነው። ግሪኮች ሐኪሙ ለበሽተኛ ለክቶ የሚሰጠውን መድኃኒት «ዶሲስ» አሉት፤ ቃል በቃል «መስጠት» ማለት ነው። በላቲን በኩል ወደ ጀርመኖች ሲደርስ በራሳቸው ቃል፣ በጊፍት ተኩት። የሚሰጥ መጠን፣ ከዚያ የሚሰጥ ነገር፣ ከዚያ ስሙን መጥራት የሚያስፈራው ነገር። ይህን ለመረዳት የአማርኛ ጆሮ ሩቅ አይሄድም፤ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ስለ ፈውስ እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? ሰው ክፉውን ነገር በለሰለሰ ስም ይሸፍነዋል። ሽፋኑ ሲቆይ ግን ራሱ ክፉ ስም ይሆናል። ጀርመኖች ለመርዝ የቆየ ሌላ ቃል ነበራቸው፤ እሱ ዝቅ ብሎ ዛሬ «አይተር» ሆኖ መግል ማለት ብቻ ቀረ። ቃላችንም መርዝነቷ እየገነነ ስጦታነቷ ከሰመ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ተረፈች፤ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛው የምትሄደው ሀብት እስከ ዛሬ «ሚትጊፍት» ይባላል።

ሐኪሙ ፓራሴልሰስ እ.ኤ.አ. በ1538 ሁሉም ነገር መርዝ መሆኑን፣ መርዝነቱን የሚወስነውም መጠኑ ብቻ መሆኑን ሲጽፍ ጊፍትን ከዶሲስ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱም በጥንት ትርጉማቸው አንድ ናቸው፤ መስጠት።

መርዝ የሆነችው ጊፍት ከጀርመኖች ወደ ሰሜን ተሻገረች፤ ስዊድን ውስጥ ባለትዳሯን እህቷን ያገኘቻት ለዚህ ነው። ደቾች ብልህ መላ አላቸው። ለልገሳ ቃሏን ሙሉዋን ያስቀምጣሉ፤ ለመርዝ ግን መጨረሻዋን «ት» ይቆርጧታል።

ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1924 ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። በጥንት ጀርመኖች ግብዣ ላይ ዋናው ስጦታ መጠጥ ነበር፤ ተቀባዩም ዋንጫው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅምና ስጦታና መርዝ በአንድ ስም ቢጠሩ አይደንቅም ይላል። ቃሏን ወደ መርዝ የወሰዳት የሐኪሞቹ መንገድ ነው ባይ ነኝ፤ ያ መንገድ ከግሪክ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይታያልና። የሞስ ዋንጫ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፤ ምክንያቱም ጀርመኖች ጊፍት ለመርዝ ስትሄድባቸው ለስጦታ የያዙት ቃል «ጌሼንክ» ነው። እሱ የተወለደው «ሼንከን» ከሚለው ግሥ ነው፤ የጥንት ትርጉሙም ለእንግዳ መጠጥ መቅዳት ነበር። እንግሊዞችስ ለመርዝ ምን አሉ? «ፖይዝን»። ከፈረንሳይ የወሰዱት ነው፤ ሥሩ በላቲን መጠጥ ማለት ነው። መስጠት ከሚለው ቃል እንግሊዝ ስጦታን፣ ጀርመን መርዝን አወጡ፤ ከመጠጡ ደግሞ ጀርመን ስጦታን፣ እንግሊዝ መርዝን።