ሕግ ያልደረሰበት የፍቅር ደብዳቤ

«እወድሃለሁ» የሚል ደብዳቤ መጥቶለት ሳይከፍት የሚያልፍ ሰው ብዙ አይደለም። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሜይ 4 ቀን 2000) ከፊሊፒንስ ዋና ከተማ ከማኒላ የተነሣው ቫይረስ የተማመነውም በዚሁ ነበር። የኢሜይሉ ርእስ «አይ ላቭ ዩ» ይላል፤ ከሥሩ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል ተያይዟል። የፋይሉን ዓይነት የሚነግሩት የመጨረሻዎቹ ፊደላት በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ስለማይታዩ ተራ ጽሑፍ ይመስላል። የከፈተው ሰው ግን ፍቅር አላገኘም። ቫይረሱ ፎቶግራፎቹንና ሌሎች ፋይሎቹን ያጠፋበታል፤ ከዚያ የአድራሻ መዝገቡን ገልጦ እዚያ ላለው ሰው ሁሉ ያንኑ ደብዳቤ በእሱ ስም ይልካል። አለቃው ለበታቹ፣ ነጋዴው ለተፎካካሪው ፍቅሩን ሲገልጥ ዋለ። የእንግሊዝ ፓርላማ የኢሜይል መስመሩን ዘጋ፤ ፔንታጎንም እንዲሁ። ጉዳቱ በቢሊዮን ዶላር ተገመተ።

ፖሊስ ተጠርጣሪውን ለማግኘት ብዙም አልቆየ። ፍለጋው ማኒላ ውስጥ ወዳለ አንድ አፓርታማ፣ ከዚያም ኦኔል ደ ጉዝማን ወደሚባል የኮምፒዩተር ኮሌጅ ተማሪ አደረሰው። ልጁ ቀደም ብሎ ለመመረቂያው ያቀረበው የጥናት ሐሳብ የሰው የኢንተርኔት የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ስለመሥራት ነበር። ኮሌጁ አልቀበልም ብሎታል። እሱ ሕዝቡ ኢንተርኔት በነፃ ያግኝ ባይ ነው።

ጣጣው የመጣው ዐቃቤ ሕጉ የሕግ መጽሐፉን ሲገልጥ ነው። ቫይረስ መልቀቅ ወንጀል ነው የሚል አንቀጽ የለም! ቢቸግራቸው እንደ ክሬዲት ካርድ ያሉ መገልገያዎችን ለመቆጣጠር በ1998 የወጣ ሕግ አንሥተው ሞከሩ፤ የስርቆት ክስም ደረቡበት። አልያዘም። በዚህ መሐል ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤስትራዳ ጁን 14 ቀን የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ላይ ፈረሙና የሰው ኮምፒዩተር ሰብሮ መግባትም ቫይረስ መልቀቅም ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚያሳስር ሆነ። ከቫይረሱ 41 ቀን ዘግይቶ ማለት ነው። ኦገስት ላይ ክሱ ተነሣ። ደ ጉዝማን በ2020 ለአንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ሲያምን እዚያው ማኒላ ሞባይል ይጠግን ነበር።

ይህን ሳወራ የሚናደዱ ወዳጆች አሉኝ። «እንዴት ነው ነገሩ? ዓለምን ያመሰ ሰው ሕግ ስላልተጻፈ ብቻ እጁን አጣጥፎ ቤቱ ይገባል?» ይሉኛል። አዎ፣ ይገባል። ደስ አይልም፤ ግን ትክክል ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀል መሆኑ በሕግ ካልተደነገገ ማንም አይቀጣም ይላል። ዛሬ የሠራሁት ነገ በሚወጣ ሕግ የሚያስቀጣኝ ከሆነ፣ ዛሬ የተፈቀደልኝን በምን አውቃለሁ? ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ የሚይዝ ሕግ የሚይዘው ቫይረስ የሚለቀውን ብቻ አይደለም።

እንግሊዞች ይህንን ቀደም ብለው ቀምሰውታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ስቲቭን ጎልድና ሮበርት ሺፍሪን የሚባሉ ሁለት ጋዜጠኞች ፕሬስቴል ወደሚባለው የብሪቲሽ ቴሌኮም የመረጃ አገልግሎት ሰተት ብለው ገቡ። ቁልፉ የባሰ ነበር፤ መለያ ቁጥሩ 2 ስምንት ጊዜ፣ የይለፍ ቃሉ 1234። ሲዘዋወሩ የልዑል ፊሊፕ የመልእክት ሣጥን ድረስ ዘለቁ። የተከሰሱት በምን ይመስላችኋል? ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት! ሰነዱ የቱ ነው ቢባል፣ ማሽኑ ለቅጽበት የያዘው የይለፍ ቃል ነው። በ1986 ተፈርዶባቸው አንዱ 750፣ ሌላው 600 ፓውንድ ተቀጡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፤ በ1988 የጌቶች ምክር ቤት መሻሩን አጸናው። ለወረቀት የተጻፈን ሕግ ለዚህ ነገር በግድ ማልበስ አይገባም፤ ወንጀል ይሁን ከተባለ ፓርላማው ያውጅ ነው ነገሩ። ፓርላማው በ1990 አወጀ። ሰብሮ መግባት ብቻውን እስከ 6 ወር የሚያሳስር ሆነ። እኔ ለእነዚያ ዳኞች ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ልዑሉን ለማስደሰት ሲሉ ቃል አልጎተቱም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ስለ ኮምፒዩተር ባያስቡ አይፈረድባቸውም። በ1996 የተተካው የወንጀል ሕግ በመግቢያው ላይ አሮጌው ሕግ በሚገባ ካልሸፈናቸው ነገሮች መካከል የአውሮፕላን ጠለፋንና የኮምፒዩተር ወንጀልን አብሮ ይጠቅሳል። ከአንቀጽ 706 እስከ 711 ስድስት አንቀጾች ለኮምፒዩተር ተሰጡ። እግረ መንገዴን፣ ሰዉ «ሀኪንግ»ንም «ጠለፋ» ነው የሚለው። በአሮጌው ሕግ ልጃገረድ የጠለፈ ሰው ኋላ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ያንን ቀዳዳ የደፈነውም ይኸው የ1996 መጽሐፍ ነው። ከሁለቱ ቀዳዳዎች የቱ ቀድሞ መደፈን እንደነበረበት እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ በ2008 አዋጅ ቁጥር 958 መጣና ስድስቱን አንቀጾች ሻረ። ሰብሮ መግባትን «ሕገወጥ ደራሽነት» ብሎ እስከ 3 ዓመት እስራት፣ ቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ደነገገበት። እስከዚህ ጥሩ ነው፤ ማኒላ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር። ግን አዋጁ እዚህ አልቆመም። ቫይረስ ከሚለቀው ጋር በኮምፒዩተር የሰው ስም የሚያጠፋውንም፣ ሁከት የሚያነሣሣ ጽሑፍ የሚያሰራጨውንም አብሮ አስገባ። ባንክ የሚዘርፍና የሚሳደብ ሰው ያመሳሰላቸው ሁለቱም ኪቦርድ መንካታቸው ብቻ ነው። አገልግሎት ሰጪውም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ አንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ታዘዘ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጥለፉ ሥልጣን ነው። በመርሕ ደረጃ የሰውን ግንኙነት ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አጣዳፊ ሲሆን ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ይፈቅድና ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል ይላል አዋጁ። ያ የፍቅር ደብዳቤ ዓለምን ለማዳረስ አንድ ቀን እንኳ ስላልፈጀበት፣ ፖሊስ መፍጠን አለበት የሚለው ክርክር ይገባኛል። ፕሬዚዳንቱ በ48ኛው ሰዓት «ምክንያቱ አላሳመነኝም» ቢሉ ጠለፋው ይቆማል፤ እስከዚያ የተነበበው ደብዳቤ ግን ተነቧል።