የጀምጀም ጦጣና የቀርከሃው ካርታ

የድሮውን የሲዳሞ ክፍለ ሀገር የሚያስታውሱ አንባቢያን ጀምጀምን በአውራጃነቱ ያውቁታል። ዛሬ አውራጃው ከአስተዳደር መዝገብ ወጥቷል። በሳይንስ መዝገብ ግን ስሙ በአንድ ጦጣ ላይ ተጽፎ ይኖራል።

ነገሩ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ኦስካር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ አገራችንን አቋርጦ ሲጓዝ ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው ደጋ፣ በቀርከሃ ደን ውስጥ፣ የአገሬው ሰው ከጥንት የሚያውቀውን አንድ ጦጣ አየ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍም «ጀምጀሜንሲስ» ብሎ በአገሩ ስም ሰየመው። ዛሬ የባሌ ጦጣ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም።

ያ ስያሜ በእኔ እይታ የመጀመሪያው ካርታ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ነጥብ ብቻ የያዘ ካርታ ነው። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ስለ ጦጣው ኑሮ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በባሌ፣ በኦዶቡሉ ደን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ግን ምስጢሩን ገለጠው፤ በዚያ ደን ጦጣው ከሚመገበው 77 በመቶ ያህሉ ቀርከሃ፣ ይልቁንም ለጋ ቅጠሉ ነው። እንግዲህ የጦጣውን አገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቀርከሃውን ይፈልግ።

የዘመኑ ካርታ አሠራርም ከዚህ አይርቅም። ጦጣው የታየባቸው ቦታዎች በነጥብ ይመዘገባሉ። የመሬቱ ከፍታ፣ ዝናቡ፣ ሙቀቱና ከሳተላይት የተነሣው የዕፅዋት ሽፋን ይደረቡበታል። ኮምፒውተሩም እነዚያን ነጥቦች የሚመስሉ ሌሎች ቦታዎችን እየፈለገ ለእያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ከዜሮ እስከ አንድ የሚደርስ ዋጋ ይሰጠዋል። ሆኖም ካርታው ጦጣው ሊኖርበት የሚችለውን እንጂ የሚኖርበትን አይናገርም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ልዩነቱ አይጠፋኝም፤ አንድ ሰው ሊፈቀድለት የሚችለው ብድርና በእጁ ያለው ገንዘብ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ በእግር ሄዶ ማየት ግድ ይሆናል።

በእግር የሄዱትም አዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ በተቆራረጡ ደኖች ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቁ የባሌ ጦጣ መንጋዎች መኖራቸውን አስታወቀ። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ደኑ ተመንጥሮ እርሻና ግጦሽ ሆኗል፤ ጦጣው ወደ ማሳ ይገባል፤ ከቅርብ ዘመዱ ከተራው ጦጣ ጋርም እየተዳቀለ ነው። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ቀርከሃው ግን ለእርሱም ቤቱ፣ አጥሩ፣ ቅርጫቱና የገበያ ቀን ገንዘቡ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነዚያ ቁርጥራጭ ደኖች ግን ከፓርኩ ክልል ውጭ ናቸው። የካርታው ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ጋር ቢገናኝ መንጋው እንደሚተርፍ፣ ቀርከሃ የት ቢተከል ለጦጣውም ለገበሬውም እንደሚበቃ ያመለክታል። ይህ ሳይሆን ቢቀር «ጀምጀሜንሲስ» የሚለው ቃል ከመጽሐፍ አይጠፋም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ባለቤቱ የሌለበት ስም የመቃብር ላይ ጽሑፍ ነውና።