የሊማሊሞ ዳገትና የሾፌሩ ጥበብ

ከደባርቅ ቁልቁል የሚጠማዘዘውን የሊማሊሞን መንገድ ፋሽስት ኢጣሊያ የሠራው በ1928 ዓ.ም. የወረረውን አገር ለመግዛት ነበር። በወልቀፊት የመሸገው ጦሩ በመስከረም 1934 ዓ.ም. በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ እጁን ሲሰጥ መንገዱ ቀረ፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ የሚሉት የጣልያንኛ ቃላትም ቀሩ። ዕውቀቱን ግን ያስተማረው ዳገቱ ነው።

በደባርቅ ከፍታ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጉድለቱ ከኤሌክትሪኩ ነው ወይስ ከነዳጁ? የድሮ ሾፌር ካንዴላውን ፈትቶ ይመረምር ነበር፦ ጥላሸት ለብሶ፣ ሲጠረግም ብልጭታው ደኅና ከሆነ፣ ጥፋቱ የካርቡራቶሩ ነው።

ለወራሪ የተሠራ መንገድ ለባለአገሩ ትምህርት ቤት ሆነ። ይህም ጥበብ ከጦርነቱ ታሪክ ጎን ሊጻፍ ይገባዋል።