የጋይንት ሠራተኛ ዕረፍት ከማን ኪስ ይወጣል?

ሐምሌ ሲገባ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ መናኸሪያዎች የሚታየው ግርግር የቆየ ነው። አንድ ጋቢ፣ አንድ ዱላ፣ በፌስታል የተቋጠረ በሶ የያዘ ወጣት ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። "ቆላ ወረደ" ይባላል። መቼ እንደሚመለስ ሲጠየቅ "ሰሊጡ ሲያልቅ" ይላል።

የመንግሥት ሪፖርት ይህን ሰው "ወቅታዊ ሠራተኛ" ይለዋል። ኑሮው ሲታይ ግን የራሱ ተቋራጭ ነው። ዋጋውን ራሱ ይደራደራል፣ ሥራውን በቁርጥ ይይዛል፣ ዝናብ ቢያውለው ኪሳራው የራሱ ነው፣ ቢታመምም እንዲሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንትራት የሚሠራ ተርጓሚ ወይም የሶፍትዌር ባለሙያ ዛሬ የሚያወጣው ሒሳብ፣ ማለትም ስንት ቀን ልሥራ፣ መቼ ልረፍ፣ ስንት ላስቀምጥ የሚለው፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ልጅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያወጣው የኖረ ሒሳብ ነው።

በአገር ቤት ይህ ሒሳብ የአንድ ሰው ጉዳይ አልነበረም። ዕረፍት የጋራ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበት እንዲሆኑ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ከጸና ወዲህ ገበሬው በሁለቱም ቀን ሞፈር አይዝም። በዚያ ላይ ወርኃዊ በዓላት አሉ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ እንደየአጥቢያውም ሥላሴ፣ አቦ፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ። ስምንቱን የሰንበት ቀን አስቦ አምስት ወርኃዊ በዓል የጨመረ ሰው ከወሩ ሠላሳ ቀን አሥራ ሦስት ያህሉን ከእርሻ ውጭ ያደርጋል።

የልማት ባለሙያዎች ይህን ቁጥር ሲያነሱ ብዙ ጊዜ ስለ ስንፍና ያወራሉ። ልብ ያላሉት ነገር አለ። በበዓል ቀን የሚከለከለው ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት ነው። ገበያ መሄድ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ክርክር መዳኘት፣ ማኅበር መጠጣት፣ ወንፈል መቀጣጠር ግን የሚሠራው በዚያው ቀን ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ማረፉ ነው። ጎረቤቱ እያረሰ አንዱ ቢያርፍ ያ ሰው ይጎዳል፤ ሁሉም ካረፈ ማንም በማንም አይቀደምም። በዓል የሻረ በአጥቢያው ላይ በረዶ ያስወርዳል የሚለው እምነት፣ ሽማግሌዎች የሚጥሉት ቅጣትም፣ ይህን ስምምነት የሚጠብቅ አጥር ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ "የዓመት ፈቃድ" ተብሎ በሕግ የተጻፈውን አጥቢያው በራሱ መንገድ አስከብሮት ኖሯል።

አጥሩን ያላላው የመሬት ጥበት ነው። በርስት ሥርዓት መሬት ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ሄደ፤ ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ተፋሰስ ያለው ተዳፋት አፈሩን አጣ። የሚታረሰው ሲያንስ የሚተርፈው የሰው ጉልበት ሆነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሁመራ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ ያ ጉልበት ገበያ አገኘ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ ሲያልፍ ጉዞው ቀለለ፤ ከዚያ በፊት ደጋውን በእግር መውጣትና መውረድ ነበር።

በመካከሉ ፖለቲካው ሁለት ጊዜ አናግቶታል። የካቲት 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጥቂት ሰዎችን ለይቶ ከማስቀረቱ በቀር ገበሬ ሌላ ሰው ቀጥሮ እንዳያሳርስ ከለከለ፤ ትልልቆቹ እርሻዎችም ከባለቤቶቻቸው ተወሰዱ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ኢዲዩ ሁመራን ያዘና አካባቢው ጦር ሜዳ ሆነ። በወረቀት ላይ ብዝበዛን ያስቀረው አዋጅ ለጋይንት ልጅ የጥሬ ገንዘብ ምንጩንም አብሮ አስቀረበት። ገበያው እንደገና የተከፈተው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱ ዋና የወጪ ንግድ ሰብል ለመሆን በቃ፤ የአረምና የአጨዳ ሠራተኛውም በየዓመቱ በመቶ ሺዎች መቆጠር ጀመረ።

የሰሊጥ ጠባይ የሠራተኛውን ኑሮ ይወስናል። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ አጨዳው ሁለት ሦስት ሳምንት ከዘገየ ፍሬው ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ አረም ላይ ርካሽ የነበረው ጉልበት በመስከረም መጨረሻ በአንድ ጊዜ ይወደዳል። ባለሀብቱ ይለምናል፣ ካቦው ከከተማ ከተማ ይሯሯጣል፣ ሠራተኛው ደግሞ የዓመት ገቢው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት እንደሚወሰን ያውቃል።

የደጋው የቀን መቁጠሪያ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በቁርጥ የያዘ ሰው አንድ ቀን ባረፈ ቁጥር የቀኑን ዋጋ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። በአገሩ ሚካኤልን ሲያከብር ማንም አይቀድመውም ነበር፤ በረሃ ላይ ግን ከሌላ አውራጃ የመጣው ጓደኛው እያጨደ ነው። አንዳንዱ በዓሉን ይሽራል፣ አንዳንዱ ዋናዎቹን ብቻ ያከብራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዕረፍቱን ሁሉ አጠራቅሞ በኅዳር አብደራፊ ወይም ገንዳ ውኃ ከተማ ውስጥ በአንድ ሳምንት ያወጣዋል። ከገንዘቡ ጋር ማለት ነው። ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መመለስ አፍሮ በረሃ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። በረሃው ላይ ከርሞ የቀረውን "ሳሉግ" ይሉታል።

የከፋው ዋጋ የሚከፈለው በጤና ነው። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትነክሰው ሲመሽ ነው። ሠራተኛው የሚያድረው ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በሽታው ቀስ ብሎ ይመጣል፦ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ ማበጥ። ካልታከመ ይገድላል። የሕመም ፈቃድ የሌለው ሰው "ወባ ነው" ብሎ አጨዳውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። በ1997 ዓ.ም. በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም፣ ካላ አዛር በወረርሽኝ መልክ ተገኘ። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። አጥኚዎች በሽታውን ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ጽፈዋል። በሽታው ከደጋ ወጥተው የማያውቁ ሕፃናትንና ሴቶችንም ያዘ።

ቁጠባውስ? የደጋው ሰው ባንክ ከብት ነው። የአንድ ዓመት የሰሊጥ ገንዘብ በግ ይሆናል፣ በጎቹ ተሸጠው ጊደር፣ ጊደሯ ተሽጣ በሬ። አንድ በሬ ያለው ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፣ ሁለት ያገኘ ራሱን ቻለ ማለት ነው። ይህ ባንክ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ድርቅ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊያወጣ ይሮጣል። እህል በሚወደድበት ወር በሬ ይረክሳል። በ1977ቱ ረሃብ በወሎም በጋይንትም ስንት ዓመት የተደከመበት በሬ በጥቂት እህል ተለውጧል።

እቁብ በየሳምንቱ መጣልን ይጠይቃል፤ አምስት ወር በረሃ የሚከርም ሰው ቋሚ አባል መሆን ይቸግረዋል። የዛሬው ጸደይ ባንክ የቀድሞ መልኩ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ለገጠሩ ሰው ብድርን ሲያቀርብ በቡድን ዋስትና ነበር። ከቡድኑ አንዱ ቆላ ወርዶ ቢቀር ዕዳው የሚወድቀው እቤት በቀሩት ላይ ነው። ስለዚህ መንገደኛውን በዋስትና ለመያዝ ብዙ ሰው ያመነታል፤ አይፈረድበትም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ጋይንትንና ስማዳን ሲያካትት የዓመቱን ሌላ ግማሽ ያዘ። ከጥር እስከ ሰኔ አንድ ሰው በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ክፍያው መጀመሪያ ላይ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር 6 ብሩ 3 ኪሎ መግዛት አቃተው፣ ሰዉም እህሉን መረጠ። ሴፍቲኔቱ ሰኔ ላይ ሲያቆም አውቶቡሱ ሐምሌ ላይ ይነሣል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱን የሥራ ዘመን ያለ ክፍተት ያገጣጠሙት ብዙ ናቸው፤ ዕረፍት የሚባለው የቀረው በሰንበትና በሠርግ ወር ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለታመመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ። በራሱ የሙያ ወይም የንግድ ኃላፊነት ለክፍያ የሚሠራን ሰው ግን ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። አሥር ሆኖ ማሳ በቁርጥ የያዘ ቡድን የየትኛው ነው? ባለማሳው "ተቋራጮች ናቸው" ይላል። ፀሐይ ላይ በማጭድ የሚጎነበሰው ሰው ተቋራጭ መሆኑን የሚሰማው ግን ሲታመም ብቻ ነው።

ጥቅምት 30 ቀን 2013 በማይካድራ የሆነው ሲነገር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ወሩ የሰሊጥ ወር ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያ ሪፖርቱ ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን ሲገልጽ፣ ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ ወቅታዊ ሠራተኞች እንደነበሩና ከተማዋን ለቀው እንዳይወጡ መከልከላቸውን ጽፏል። በኋላ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር በጋራ የተደረገው ምርመራ በአጸፋ የተገደሉ የትግራይ ተወላጆችንም መዝግቧል። ብዙ የደጋ ቤተሰብ ያን ዓመት የጠበቀው በግ የሚገዛበትን ገንዘብ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የሱዳን ጦርነት ከመተማ ማዶ ያለውን ገበያ አውኮታል። ዘንድሮም ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ የቆመው ወጣት ከሾፌሩ ጋር የሚነጋገረው ስለ ሰሊጡ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቀው መንገዱ እስከ ጎንደር ክፍት መሆኑን፣ ከተዘጋም ለቀረው ጉዞ የከፈለው ይመለስለት እንደሆነ ነው።